በሽተኛውስ ምን አለ?

(በካዛንቺስ በተደረገው የተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ የያዝነው ነገር ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ በመግቢያ ብዙ ሳንቆይ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። ልንናገር የተነሣነው ስለ ሕክምና ነው። ስለ መድኃኒት ማነስና ስለ አልጋ እጥረት ከዚህ በፊት ብዙ ተብሏል፤ ወደ ፊትም ይባላል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሐኪሙ ሲወስን፣ ቤተ ዘመድ ሲመክር፣ ወረቀት ሲፈረም፣ በሽተኛው ራሱ ምን አለ? ማንስ ጠየቀው?

ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከዚሁ ከሰፈራችን ነው። ከእኛ የሚበዙት ያደጉት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እኛ ግን የምናውቀው ካዛንቺስ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችና የሆቴሎች ሰፈር ብቻ አልነበረም፤ ከእነርሱ ጀርባ ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ቡና ጠጪው ብዙ የሆነበት መንደር ነበረ። በእንዲህ ያለው ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም። ሁላችንም «እማማ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጃቸውን ያሳደጉ፣ የእድሩ ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ።

እማማ የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን ጫማቸው የእግራቸውን ጣት ላጠው። ይህ በሽታ እየቆየ ሲሄድ የእግርን ስሜት ያደነዝዛልና አላመማቸውም። ስላላመማቸውም አልተጠነቀቁለትም። ቁስሉ ሰፍቶ፣ ጣቱ ጠቁሮ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ ልጃቸውና እኛ የጎረቤት ልጆች ተጋግዘን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ሐኪሙ መርምሮ አየ። ወጣት ነበር፤ ሌሊቱን ሳይተኛ እንዳደረ ከዓይኑ ያስታውቃል። ልጃቸውን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያደረገ ነገሩን አስረዳው። መመረዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ሕይወታቸው ያልፋል አለ። ከዚያም የሚፈረም ወረቀት አቀረበ። ልጁ ደንግጦ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ወረቀቱን ያነበብንለት እኛ ነን። ልጁ ፈረመ። ወደ እናቱም ገብቶ «ቁስሉን ሊያጥቡልሽ ነው፤ አይዞሽ» አላቸው። እኛም ቆመን ሰማን፤ ዝም አልን።

እማማ ከሰመመናቸው ሲነቁ እጃቸውን ወደ እግራቸው ሰደዱ። አላገኙትም። አልጮኹም፤ አላለቀሱምም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ለጥየቃ ስንገባ የነገሩንን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። «ብትጠይቁኝ እኮ እሰጣችሁ ነበር። ስልሳ ዓመት የተሸከመኝ እግሬ ነው፤ ልሰናበተው አይገባኝም ነበር?» አሉን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሐኪሙ ስለ እግሩ የተናገረው ትክክል ነበር። እግሩ ባይቆረጥ ኖሮ እማማ ይሞቱ እንደ ነበር እኛም አምነናል። ልጃቸውም ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የዋሸው ከፍቅር የተነሣ ነው። እኛም ወረቀቱን ያነበብነው ለመርዳት ነው። እንግዲህ በዚያ ኮሪደር ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ኮሪደር ውስጥ እማማም አልነበሩም። ስለ እግራቸው ጉባኤ ተቀምጦ፣ ተመክሮ፣ ተፈርሞ ሲያበቃ የእግሩ ባለቤት አልተጠሩም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ዩኒቨርሲቲ የገባን እኛ እንኳ «እሳቸውስ ምን አሉ?» ብለን አልጠየቅንም።

የዚህ ነገር ዋጋ የተከፈለው በኋላ ነው። እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም የሚባል ሰው ማመን ተዉ። የቀጠሮ ቀናቸው ሲደርስ «ደክሞኛል» ይሉ ነበር። መርፌያቸውን አንድ ቀን ይወጋሉ፣ ሁለት ቀን ይተዋሉ። ልጃቸው ምግብ ሲያቀርብላቸው እንኳ «ይህስ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው እውነት ሲነገረውም ይጠራጠራል። አንዱን እግር ለማዳን አይደለም፣ ሕይወትን ለማዳን ተብሎ የተነገረ አንድ ውሸት፣ የቀረውን ሕይወት ለአደጋ አጋለጠው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የሥልጡን አገር ወግ ነው፤ በእኛ አገር ሕግ የለውም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሕግስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጣችሁ 20ኛውን አንቀጽ ተመልከቱ። ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራንም ሆነ ሕክምናን፣ ቀዶ ሕክምናንም ጭምር፣ በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ ለዚህ ገደብ አበጅቶለታል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የሚታዘዝ ክትባትንና ይህን የመሰለውን፣ እንዲሁም ሞግዚቶች ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ ያላቸውን ሥልጣን አልነካም። ነገር ግን መሠረቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ገላ ባለቤት አለው። የዚህ ሕግ ረቂቅ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለ ሆነው እንግዳ ነው ልንለው አንችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299ም የጤና ባለሙያ ያለ ታካሚው ፈቃድ አገልግሎት እንዳይሰጥ ደንግጓል። እንግዲያስ የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ሕጉን ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ አልጋው ጠርዝ የሚያደርሰው ሰው ነው።

ሌላው ዓለምም ቢሆን ወደዚህ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። በአሜሪካን አገር በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት ሴት ለምርመራ ብቻ ፈቅዳ በሰመመን ሳለች ሐኪሞቹ ዕጢ ቆርጠው አወጡላት። ከሰሰች። በ1914 እ.ኤ.አ. ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ በሰጡት ፍርድ፣ አእምሮው የተስተካከለ ዐዋቂ ሰው ሁሉ በገዛ ገላው ላይ ስለሚሠራው ነገር ለመወሰን መብት አለው ብለው ጻፉ። ይህ ቃል በዓለም ሁሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። የሚያስገርመው ግን ሴትዮዋ ክሱን አላሸነፈችም፤ ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ነበረ በኀላፊነት አልተጠየቀም። መብቱ ተነገረ፤ ባለመብቷ ግን ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በኑረምበርግ ናዚዎች ሐኪሞች ለፍርድ ቀረቡ። እነዚህ ሰዎች እስረኞችን ያለ ፈቃዳቸው መፈተኛ አድርገዋቸው ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ዐሥር ነጥቦች ሲያወጣ የመጀመሪያው ነጥብ የሰውዬው የራሱ ነጻ ፈቃድ ነው። የእነዚያ ሰዎች ግፍና የእኛ የኮሪደሩ ዝምታ አንድ ነው ልንል አንችልም፤ እንዲህ ማለት ነውር ይሆናል። ነገር ግን ዓለም ከዚያ ክፉ ዘመን አንድ ትምህርት ወስዷል። እውቀትና ማዕርግ ብቻቸውን ሰውን ከጥፋት አይጠብቁትም፤ የሚጠየቀው ሰው ድምፅ ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ባህላችን አይፈቅድም» ይባላል። «ክፉ ዜና ለበሽተኛ አይነገርም፤ ቢሰማ በድንጋጤ ይሞታል።» ይህን አባባል በንቀት ልናልፈው አንሻም፤ እውነት አለበትና። የውብዳር በየነ የተባሉት የባህል ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጽፈዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ ልማዳቸው ክፉውን ዜና ለበሽተኛው ብቻውን በቀጥታ ሲነግሩት፣ ኢትዮጵያዊው ይህን እንደ ጭካኔ ይቆጥረዋል። በእኛ ዘንድ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለወዳጅ መንገር እንደሚመረጥ አስረድተዋል። እኛም ይህን እናውቀዋለን። አንድን ሰው ብቻውን አስቀምጦ «ካንሰር አለብህ» ብሎ ወረቀት አስይዞ መላክ ሥልጣኔ አይባልም።

ነገር ግን የመርዶን ወግ እስቲ በደንብ እንመርምረው። በአገራችን መርዶ እንዴት ይነገራል? ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል። ማን እንደሚናገር ይመረጣል። ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ይታሰባል። ማለዳ ገና ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል፤ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤት በሩ ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ አነጋገሩ ነው። አባቱ የሞተበትን ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሳይነግረው የሚቀር ዘመድ ማን ነው? መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ከቀረማ ሰውዬው በኋላ ሰምቶ «እንዴት ሳልቀብረው? እንዴት ሳላለቅስለት?» ብሎ የሚያዝነው ኀዘን ከሞቱ ኀዘን ይበረታል። እማማ «ልሰናበተው አይገባኝም ነበር?» ያሉትም ይህንኑ ነው። መርዶ ነፈግናቸው።

እንግዲህ ባህላችን ስለ መደበቅ ሳይሆን ስለ አነጋገር የሚያስተምረን ብዙ ነገር አለው። ዳኝነታችንንም ተመልከቱት። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ እንኳ ተከሳሹ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም ነበር። ሌባ እንኳ ይደመጥ ነበር። ታዲያ ምንም ያላጠፋ በሽተኛ ሳይደመጥ እንዴት ይፈረድበታል?

የመርዶውን ጥበብ ከሕጉ ጋር ለማስማማት የሚያስፈልገው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ገና ምርመራው ሲጀመር፣ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ «የምርመራው ውጤት ሲመጣ ለማን እንንገር? ለእርስዎ ብቻ ነው? ከልጅዎ ጋር ሆነው ነው? ወይስ እርስዎ ሳይሰሙ ልጅዎ ይስማልዎ?» ማለት ይቻላል። በሽተኛው «እኔ መስማት አልፈልግም፤ ወንድሜ ይወስንልኝ» ቢል ይህም የእርሱ ውሳኔ ነው፤ ሊከበርለት ይገባል። አለማወቅንም ቢሆን የሚመርጠው ባለቤቱ መሆን አለበት። ዘመዱ በሽተኛውን ወክሎ የሚሰማው በሽተኛው ራሱ ሲወክለው ነው።

«ሕዝቡ አልተማረም፤ ቢነገረው አይገባውም» የሚልም ተቃውሞ አለ። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ እዚሁ አጠገባችን አለን። ለሰፈራችን ቅርብ የሆነው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1995 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መስጠት ከጀመሩት ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ ይሰጥ ጀመር። ይህ መድኃኒት ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው። በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ሐኪም በሽተኛውን አንድ ቀን በጉልበት አስተኝቶ ሊያክመው አይችልም፤ በየማለዳው ኪኒኑን አንስቶ የሚውጠው በሽተኛው ራሱ ነው። እንግዲህ ሕክምናው በሽተኛውን ሳያስረዳና ሳያማክር አንድ እርምጃ ሊሄድ አልቻለም። ስለዚህ የምክር ክፍሎች ተከፈቱ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ራሳቸው አማካሪና አበረታች ሆነው በየጤና ተቋሙ ገቡ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የመድኃኒታቸውን ስምና ሰዓት አውቀው፣ የደማቸውን ውጤት እየጠየቁ፣ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ይህን ከተረዳ፣ አንዲት እናት እግሬ ለምን ይቆረጣል የሚለው እንዴት አይገባትም?

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገርም እናስታውስ። ብዙ በሽተኞች መድኃኒታቸውን ትተው ወደ እንጦጦ ጠበል ይሄዱ ነበር። አንዳንዱ የጤና ባለሙያ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ተሳለቀ። የተቆጡት ምን አተረፉ? በሽተኛው ጠበሉን አልተወም፤ መሄዱን መናገር ብቻ ተወ። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። በሽተኛው ከእምነቱና ከሕይወቱ አንዱን እንዲመርጥ መገደዱ ቀረለት። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በሽተኛው የሚያምነውንና የሚፈራውን ሳይጠይቁ የሚሰጥ ትእዛዝ ከሐኪሙ ክፍል ደጃፍ አያልፍም።

አበው «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ሐኪም ግን ስለ በሽታው ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል፤ ይህ የማይካድ ነው፤ ቡዳም አያሰኘውም። ስኳር ደም ሥርን እንዴት እንደሚያጠብ፣ መመረዝ በስንት ሰዓት እንደሚዛመት የሚያውቅ እርሱ ነው። ነገር ግን እማማ በየትኛው እግራቸው ተንበርክከው እንደሚጋግሩ፣ አንድ እግር ካጡ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ ሞትን ይበልጥ ይፈሩ ወይስ የሰው እጅ ማየትን፣ ይህን የሚያውቁ እማማ ብቻ ናቸው። ትክክለኛ ውሳኔ የሚወለደው ሁለቱ እውቀቶች ሲገናኙ ነው። አንዱ ብቻውን ቢወስን ግማሹን ሳያውቅ ወሰነ ማለት ነው።

«ጊዜ የለም» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ይህን የሚሉት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። በአገራችን ለዐሥር ሺህ ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። ከበሩ ውጭ መቶ ሰው ተሰልፎ የቆመበትን ሐኪም ከአንዱ በሽተኛ ጋር ግማሽ ቀን ተወያይ ልንለው አንችልም። ሆኖም ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ብቻ መሆኑን ማን ወሰነ? በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ፣ የሕዝብን ጤና አንድ ሰው ብቻውን እንደማይሸከመው አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ዛሬም ነርስ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ተለማማጅ ተማሪም አለ። ደግሞም እማማን ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ አይበልጥም ነበር። ባለመጠየቃቸው የጠፋው ጊዜ ግን በወር ይቆጠራል።

አስቸኳይ ነገር ሲሆን ግን ሌላ ነው። ራሱን ስቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ የመጣን ሰው ፈቃድ እስኪሰጥ ጠብቁት የሚል የለም። እኛም አንልም። የእማማ ነገር ግን እንዲህ አልነበረም። ከኮሪደሩ እስከ አልጋቸው ዐሥር እርምጃ ነበር፤ ነቅተው፣ አእምሯቸው ተስተካክሎ፣ ከጎናቸው ላለችው በሽተኛ ውሃ እያቀበሉ ነበር።

«እምቢ ቢሉስ ኖሮ?» ብሎ የሚጠይቀን ይኖራል። ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ስለ ሆነ ልንሸሸው አይገባም። እምቢ ቢሉ ኖሮ ሐኪሙ ደግሞ ያስረዳቸው ነበር። ልጃቸው ያለቅስባቸው ነበር። የንስሐ አባታቸውን እንጠራ ነበር። ጎረቤቱ ይለምናቸው ነበር። መለመን፣ መምከር፣ ማልቀስ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም «እግሬን ይዤ እሞታለሁ» ቢሉ፣ ይህ ከባድ ኀዘን ይሆንብን ነበር፤ ግን የእሳቸው ቃል ይሆን ነበር። ሰውን አክብሮ ማዘን፣ ሰውን አታልሎ ከመደሰት ይሻላል ብለን እናምናለን። ደግሞም እማማ ራሳቸው ነግረውናል፤ ቢጠየቁ ይሰጡ ነበር። አብዛኛው ሰው ቢጠየቅ ሕይወቱን ይመርጣል። እኛ ግን ይህን እንኳ አላመንናቸውም።

አሁን የታሪኩን ፍጻሜ እንንገራችሁ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ግቢያችንም ተነሣ፤ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። እማማም ከልጃቸው ጋር ወደዚያው ሄዱ። ጥቂት ወራት ቆይተን ልንጠይቃቸው ስንሄድ በቀረው እግራቸው ላይ ካልሲ ደርበው አገኘናቸው። ሙቀት ነበረና ለምን እንደሆነ ገባን። ቁስል ወጥቶባቸው ለማንም ሳይናገሩ ደብቀውት ኖሯል። ብንናገር ይህንንም ይወስዱታል ብለው ፈርተዋል።

በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ስሕተታችን ተምረን ነበርና አልተጣደፍንም። ልጃቸውንም ወደ ውጭ ጠርተን አልመከርንም። ቡናው ተፈልቶ፣ እሳቸው ፊት ተቀምጠን፣ «እማማ፣ ምን ይደረግ ይላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የሚያየው ሰው እኔን አይቶ የሚያናግር ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ አብረናቸው ሄድን። የተቀበለችን ነርስ ወንበሯን ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። ለእኛ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ፊቷን ወደ እሳቸው መልሳ፣ «እናቴ፣ ከሁሉ የሚያስፈራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። እማማ ያን ጊዜ አለቀሱ። ስለ መጀመሪያው እግራቸው ሲያለቅሱ ያየናቸው በዚያን ቀን ነው። ነርሷ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀች፤ ከዚያም ካልሲውን ራሳቸው እንዲያወልቁት ለመነቻቸው። ቁስሉ ገና ትንሽ ነበር። እጥበቱንም፣ መድኃኒቱንም፣ እግርን በየማታው መመልከትንም እያስረዳች፣ «ይህን ይችላሉ? ይህስ ይከብድዎታል?» እያለች አብራቸው ወሰነች። ቁስሉ በጊዜ ስለ ታየ ዳነ። እማማ ዛሬ በክራንች ይሄዳሉ፤ መርፌያቸውንም በሰዓቱ ይወጋሉ።

የዚያች ነርስ መድኃኒት ከሌላው የተለየ አልነበረም። የተለየው ጥያቄዋ ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ከመካከላችን ሕክምና፣ ነርስነትና ፋርማሲ የምትማሩ ሁሉ ገና በልምምድ ላይ ሳላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ልማድ አድርጉ። «ስለ ሕመምዎ ምን ተነግሮዎታል? ከሁሉ የሚያስፈራዎ ምንድን ነው? እርስዎ ምን ይመርጣሉ?» ጥያቄውን በሽተኛው በሚናገረው ቋንቋ ጠይቁ፤ በኦሮምኛም ይሁን በጉራግኛ ወይም በትግርኛ፣ የሚያስተረጉም ፈልጋችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ የተነገረ መርዶ ለእማማ መርዶ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሕግና ቋንቋ የምትማሩ ጓደኞቻችን የፈቃድ ወረቀቱን በእጃችሁ አንሡት። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የቤት ቃል ሆኖ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ተብሎ ሊነበብለት የሚችል ወረቀት ጽፋችሁ ለመምህራኖቻችን አቅርቡ። አውራ ጣት በቀለም ነክሮ ማስፈረም ፈቃድ መቀበል አይደለም። ፈቃድ የሚባለው በሽተኛው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ሲናገር ነው።

ሦስተኛ፤ ምንም ዓይነት ትምህርት ብንማር ሁላችንም የአንድ ሰው ልጅ፣ የአንድ ሰው ወንድም ወይም እኅት ነን። ነገ ከመካከላችን አንዱ በኮሪደር ውስጥ ይጠራል። ወረቀት ይቀርብለታል። ሐኪሙ የደከመ፣ ዘመዱ የደነገጠ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ማንንም መቆጣት አያስፈልግም። በትሕትና «ዶክተር፣ እኛ ከመፈረማችን በፊት እሳቸው ይስሙ፤ ቢፈቅዱልን አብረን እንግባና እንንገራቸው» ማለት ይበቃል። ከኮሪደሩ እስከ አልጋው ዐሥር እርምጃ ነው። እኛ በ2015 ዓ.ም. ያን ዐሥር እርምጃ አልተራመድነውም። እናንተ ተራመዱት።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት እንለምናለን። የበሽታን ስም፣ የመድኃኒትን መጠን አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። ስለ መጠየቅ ደግሞ አስተምሩን። በፈተናም ላይ ይግባ። ተማሪ የሚያጠናው በፈተና የሚመጣውን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። እማማ ይህን እንደምንናገር ያውቃሉ። ከመናገራችን በፊት ሄደን ጠይቀናቸዋል። «ተናገሩ፤ ስሜን ግን ተዉት። እግሬን ግን ንገሩላቸው» ብለው ፈቅደውልናል።